ባንክ የማይቀበለው መሬት፦ የካናዳ ነባር ሕዝቦች እንዴት የድርጅት ባለቤት ይሆናሉ?

በካናዳዋ ሳስካችዋን ግዛት ውስጥ በአንድ ሪዘርቭ (ለነባር ሕዝብ በተከለለ መሬት) የምትኖር መካኒክ ጋራዥ ልትከፍት አሰበች እንበል። ሙያው አላት፣ ደንበኛም አላት፤ የሰፈሩ ፒክአፕ ሲበላሽ የሚቆመው እሷ ደጅ ነው። የጎደላት 150,000 ዶላር ነው፦ ለመኪና ማንሻ፣ ለኮምፕረሰር፣ ለመመርመሪያ ማሽን፣ ለኮንክሪት ወለልና ለቆርቆሮ ቤት። ባንክ ስትገባ የሚቀርብላት ጥያቄ አዲስ አበባም ቶሮንቶም ያው ነው፦ «መያዣሽ ምንድን ነው?» ቤቷ ያረፈበት መሬት አያቶቿ የኖሩበት ነው፤ በሕግ ግን ባለመሬቱ የካናዳ ዘውድ ነው። ዕዳው ቢበላሽ ባንኩ ቤቱን ሐራጅ ሊያወጣው አይችልም። ማንሻውም አንዴ ሪዘርቩ ውስጥ ከተተከለ ባንኩ መጥቶ ሊነቅለው አይችልም። ፋይሉ እዚያው ይዘጋል።

ፋይሉን የሚዘጋው ኢንዲያን አክት የሚባለው የ1876 ሕግ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል፤ ዛሬም ግን ይሠራል። አንቀጽ 89 ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ሪዘርቭ ላይ ያለ የኢንዲያን ወይም የባንድ ንብረት፣ መሬትም ይሁን ተንቀሳቃሽ፣ ኢንዲያን ላልሆነ ሰው መያዣ አይሆንም፤ በዕዳ አይታገድም፤ አይወሰድም። «ባንድ» በሕጉ አነጋገር የተመዘገበ ማኅበረሰብ ማለት ነው። «ኢንዲያን» የሚለው ቃል ዛሬ በሰው ፊት ባይነገርም ሕጉ ውስጥ እንደተጻፈ አለ። የአንቀጹ ዓላማ ጥበቃ ነበር፤ ነጋዴና አራጣ አበዳሪ በዕዳ ሰበብ መሬቱን እየቆረሰ እንዳይወስድ። በዕዳ የሄደ የሪዘርቭ መሬት አለመኖሩ የዚህ አንቀጽ ፍሬ ነው። የተከፈለበት ዋጋ ደግሞ ካፒታል ማጣት ነው።

«መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም» ሲባል ላደገ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። መሬቱ አለህ፣ ታርሰዋለህ፣ ልጅ ታሳድግበታለህ፤ ባንክ ስትሄድ ግን ለረጅም ዘመን ባዶ እጅህን ነበርክ። እኛ ዘንድ ደንቡ በሁሉም ላይ የወጣ ነው። ካናዳ ውስጥ ግን ከሪዘርቩ ወሰን ማዶ ያለው ገበሬ እርሻውን አስይዞ ትራክተር ሲገዛ፣ ከወሰኑ ወዲህ ያለው ጎረቤቱ አይችልም።

ነባር ሕዝቦች የሚባሉት በሕገ መንግሥት ዕውቅና ያላቸው ሦስት ናቸው፦ ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑይትና ሜቲስ። በ2021 ቆጠራ ቁጥራቸው 1.8 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ከአገሪቱ ሕዝብ 5 በመቶ። ከወላጆቻቸው እየተነጠቁ አዳሪ ትምህርት ቤት የተከተቱ ሕፃናትን ጉዳይ የመረመረው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ሥራውን ሲጨርስ 94 ጥሪዎችን አቀረበ። 92ኛው ለንግዱ ዓለም የተጻፈ ነው፤ ከፕሮጀክት በፊት የማኅበረሰቡን ፈቃድ አግኙ፤ ሥራ፣ ሥልጠናና ዘላቂ ጥቅም በፍትሕ አዳርሱ፤ ሥራ አስኪያጆቻችሁንና ሠራተኞቻችሁን ታሪኩን አስተምሩ ይላል። ልብ ብሎ ላነበበው «ባለቤትነት» የሚል ቃል የለበትም። «ኢኮኖሚያዊ ዕርቅ» የሚባለው ነገር ትርጉሙ የተለወጠው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ጥያቄው «ስንት ሰው ትቀጥራላችሁ?» ከሚለው አልፎ «ስንት በመቶው የኛ ነው?» ሆኗል። ይህ ለውጥ ትክክለኛ ነው እላለሁ። ደሞዝ ማዕድኑ ሲያልቅ ይቆማል። ድርሻ ግን ማን እንደሚቀጠር፣ ትርፉ የት እንደሚውል፣ መቼ እንደሚቆም ጭምር የመወሰን ዕድል ይሰጣል። ድርሻ የሚገዛው ግን በገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ደግሞ መያዣ ይጠይቃል፤ መያዣው 1876 ላይ ተቆልፏል። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት በካናዳ የተፈለሰፉት መንገዶች ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ይህን ቁልፍ ለማለፍ የተሠሩ ናቸው።

ቁልፉ ብቻውን አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሜዳማዎቹ ምዕራባዊ ግዛቶች ውስጥ ያሉ የሪዘርቭ ገበሬዎች ስንዴ በደንብ ማምረት ሲጀምሩ፣ መንግሥት በ1889 ማሽን ትተው በእጅ መሣሪያ ብቻ ትንሽ ማሳ እንዲያርሱ የሚያስገድድ ፖሊሲ አወጣ። እህልና ከብት ለመሸጥ ከመንግሥት ወኪል ፈቃድ መያዝ ግዴታ ነበር፤ ይህ ድንጋጌ ከሕጉ የተሰረዘው በ2014 ነው። ከ1927 እስከ 1951 ደግሞ የመሬት ይገባኛል ክስ ለማቅረብ ገንዘብ ማሰባሰብና ጠበቃ መቅጠር ራሱ ወንጀል ነበር። ዛሬ በየሪዘርቩ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ድርጅት ስለምን ጥቂት ሆነ ለሚል ሰው መልሱ እዚህ አለ። የሚወረስ ነገር እንዳይጠራቀም በሕግ ተከልክሎ ነበር።

ከአንቀጽ 89 የሚወጡ ትናንሽ በሮች

ወደ መካኒኳ እንመለስ። ሕጉ ራሱ የተዋቸው ጥቂት ቀዳዳዎች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ወጪ አለው።

የመጀመሪያው አንቀጽ 89 ንዑስ ቁጥር 2 ነው። ሻጩ ዕቃውን በዱቤ ሲሸጥ ባለቤትነቱን እስከ መጨረሻው ክፍያ በራሱ ስም ካቆየ፣ ዕቃው ሪዘርቭ ላይ ቢሆንም መልሶ መውሰድ ይችላል። ስለዚህ ማንሻውንና ኮምፕረሰሩን ከአከፋፋዩ በቀጥታ በዚህ ዓይነት ውል መግዛት ይቻላል። ውሉ ላይ መታየት ያለበት ነገር ይህ ነው፦ የባለቤትነት መብቱ በሻጩ እጅ እንደሚቆይ በግልጽ መጻፉና የማሽኑ መለያ ቁጥር መስፈሩ። መንገዱ ለማሽን ይሆናል። ለፈሰሰ ኮንክሪት፣ ለመለዋወጫ ክምችትና ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ደሞዝ ግን አይሆንም፤ እነዚህን መልሶ የሚወስድ የለምና። ብዙ ጀማሪ ድርጅት የሚወድቀውም እዚህ ጋ ነው። ማሽኑ አለ፤ መለዋወጫ የሚገዛበት ጥሬ ገንዘብ የለም።

ሁለተኛው ኩባንያ ማቋቋም ነው። ኩባንያ በሕግ ፊት ሰው እንጂ ኢንዲያን አይደለም፤ እሷ ብቸኛ ባለአክሲዮን ብትሆንም። ስለዚህ አንቀጽ 89 ኩባንያውን አይጠብቀውም፤ ባንክ ንብረቱን ሊይዝ ይችላል። ግን በዚያው ቅጽበት አንቀጽ 87 የሚሰጠው የግብር ነፃነትም ይቀራል። ሪዘርቭ ላይ በግሏ ሠርታ ያገኘችው ገቢ ከግብር ነፃ ሊሆን ሲችል፣ የኩባንያው ትርፍ ግን ይታክሳል። የሒሳብ ባለሙያዎች የሚሰጡት የተለመደ ምክር ኩባንያው ትርፉን በደሞዝ መልክ እንዲከፍላት ነው፤ ሪዘርቭ ላይ ለተሠራ ሥራ የሚከፈል ደሞዝ ነፃ ነውና። ደሞዙ ለሥራው የሚመጥን መሆን አለበት፤ የተጋነነ እንደሆነ ግብር ሰብሳቢው ይጠይቃል። ሌላም ወጥመድ አለ። መሬቱን የመያዝ መብት ያላት እሷ ናት፤ ኩባንያው የባንዱ አባል ስላልሆነ በሪዘርቭ መሬት ላይ ለመቀመጥ በአንቀጽ 58 መሠረት በሚኒስትሩ በኩል የሚሰጥ ሊዝ ያስፈልገዋል። በኩባንያ ስም ቤት ሠርተው ሊዙን የረሱ ሰዎች ለማስፋፊያ ብድር ሲጠይቁ ኩባንያቸው በእጁ ምንም እንደሌለ ይነገራቸዋል።

ሦስተኛው የሊዝ መብት ነው፤ ትልልቆቹ ግንባታዎች የቆሙት በዚህ ላይ ነው። ማኅበረሰቡ በድምፅ ወስኖ አንድን ቁራሽ መሬት ለሊዝ «ሲመድብ»፣ መሬቱ እንደተጠበቀ ሆኖ የሊዝ መብቱ ብቻ መያዣ መሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ መሬቱ የመንግሥት ሆኖ የሊዝ ይዞታው ባንክ እንደሚገባው ማለት ነው። ተበዳሪው ቢወድቅ ባንኩ የሚረከበው ቀሪውን የሊዝ ዘመን ነው። ቫንኩቨር መሃል የስኳሚሽ ሕዝብ የሚያስገነባው ሰናቍ የሚባል መንደር የዚህ ትልቁ ማሳያ ነው። ቦታው ከነዋሪዎቹ የተወሰደው በ1913 ነበር። በረጅም ክርክር የተመለሰው 10.5 ኤከር ያህል ብቻ ነው። እዚያ ላይ 11 ሕንፃዎችና ወደ 6,000 የሚጠጉ የኪራይ ቤቶች እንዲቆሙ ታቅዶ በ2022 የፌዴራሉ የቤቶች ኮርፖሬሽን 1.4 ቢሊዮን ዶላር አበደረ። ሪዘርቭ በመሆኑ የከተማው የሕንፃ ከፍታ ደንብ አይገዛውም፤ ውኃ፣ ፍሳሽና የእሳት አደጋ አገልግሎት ግን ከከተማው ጋር በተፈረመ ውል በክፍያ ይመጣል።

የሊዙ ችግር ጊዜ ነው። በኢንዲያን አክት ሥር ከሆነ ቅየሳ፣ የዋጋ ግምት፣ የአካባቢ ጥናት፣ የአባላት ድምፅ፣ የሚኒስትሩ ፊርማና ኦታዋ ያለው ምዝገባ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ይሄዳሉ። ሱቅ ሊከራይ የመጣ ድርጅት ያን ያህል አይጠብቅም፤ መንገድ ተሻግሮ ከሪዘርቩ ውጭ ያለውን ይከራያል። ለዚህ ነው በ1996 ጥቂት ማኅበረሰቦች ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር የመሬት አስተዳደር ስምምነት የፈረሙት፤ በ1999 ሕግ ሆነ። አንድ ማኅበረሰብ የራሱን የመሬት ደንብ አርቅቆ አባላቱ በድምፅ ካጸደቁት፣ ከ40 በላይ የሚሆኑት የኢንዲያን አክት የመሬት አንቀጾች በእሱ ላይ መሥራታቸው ያበቃል። ሊዙን የሚፈርመው ምክር ቤቱ ራሱ ይሆናል። መሬቱ አሁንም አይሸጥም፤ የሚያጥረው የፊርማው መንገድ ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም ማሻሻያዎች ትልቁ ይህ ነው፤ ስለ ቢሊዮን ዶላር ድርሻዎች ስንናገር ግን ብዙም አናነሳውም።

ቦንድ የሚያወጡት ማኅበረሰቦች

ለማኅበረሰብ ደረጃ ብድር የተሠራው ማሽን ደግሞ ሌላ ነው። በ2005 የወጣ የፋይናንስ አስተዳደር ሕግ ለዚህ የሚያገለግሉ ሦስት ተቋማት አቋቋመ፦ የታክስ ኮሚሽን፣ የፋይናንስ አስተዳደር ቦርድና የፈርስት ኔሽንስ ፋይናንስ ባለሥልጣን። ሐሳቡ ቀላል ነው። መሬት መያዣ ካልሆነ፣ ገቢ መያዣ ይሁን።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ማኅበረሰቡ በምክር ቤት ውሳኔ ወደ ሕጉ ዝርዝር ለመግባት ያመለክታል። ቀጥሎ የፋይናንስ አስተዳደር ሕግ ያወጣል፤ በጀት በማን ይጸድቃል፣ ቼክ በስንት ፊርማ ይወጣል፣ ኦዲት መቼ ይቀርባል የሚለውን የያዘ ነው። ቦርዱ የአምስት ዓመት የኦዲት ሪፖርት አገላብጦ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ከዚያ ማኅበረሰቡ የራሱ ገቢዎች የትኞቹ እንደሆኑ ይለያል፤ የሊዝ ኪራይ፣ የዓሣ ፈቃድ፣ የካዚኖ ድርሻ፣ የነፋስ ኃይል ክፍያ። የተመረጠው ገቢ ከከፋዩ በቀጥታ በሦስተኛ ወገን ወደሚጠበቅ ዝግ አካውንት እንዲገባ የማይሻር ትእዛዝ ይፈረማል። የዕዳው ክፍያ ከዚያ ይቆረጣል፤ ትርፉ ለማኅበረሰቡ ይለቀቃል። ከብድሩ 5 በመቶ ደግሞ ተቀንሶ በመጠባበቂያ ፈንድ ይቀመጣል፤ አንዱ ተበዳሪ ቢያቅተው ፈንዱ ይከፍላል፣ የጎደለውንም ሌሎቹ ይሞሉታል። የባለሥልጣኑ የመጀመሪያ ቦንድ በ2014 የወጣ ሲሆን 90 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ባንክ አንድን ትንሽ ማኅበረሰብ ብቻውን ሲያየው ይፈራዋል፤ ብዙዎቹ ተያይዘው ሲመጡ ግን ቦንድ ገዢው አመነ። ዕቁብ ጥሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ዋስትና ሳይነገረው ይረዳዋል።

የዚህ መንገድ ጉልህ ውጤት ክሊርዋተር ነው። ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ የሚክማክ ሕዝብ በ1760ና በ1761 ስምምነቶች መሠረት ዓሣ አጥምዶ «መጠነኛ ኑሮ» የመኖር መብት እንዳለው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1999 በማርሻል ጉዳይ ወስኖ ነበር። ሃያ ዓመት አልፎም መብቱ በውኃው ላይ አልተረጋጋም። በ2020 መኸር የሚክማክ አጥማጆች በስምምነቱ መሠረት ሎብስተር ማጥመድ ሲጀምሩ ጥቃት ደረሰባቸው፤ ምርታቸው የተቀመጠበት መጋዘን በእሳት ጋየ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ በሜምበርቱ መሪነት የተሰባሰቡ ሰባት የሚክማክ ማኅበረሰቦች የአገሪቱን ትልቅ የባሕር ምግብ ኩባንያ ክሊርዋተርን ከምግብ ኩባንያው ፕሪሚየም ብራንድስ ጋር እኩል ለእኩል ሊገዙት መሆኑ ተሰማ። ግዢው በጥር 2021 ተጠናቀቀ፤ ዋጋው ዕዳውን ጨምሮ 1 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የማኅበረሰቦቹ 250 ሚሊዮን ከፋይናንስ ባለሥልጣኑ በ30 ዓመት ብድር መጣ።

ሜምበርቱ እዚህ የደረሰው በአንድ ሌሊት አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀቱ በጉድለት የሚሄድ ማኅበረሰብ ነበር። መጀመሪያ ያደረገው ወጪውን ማስተካከልና ሒሳቡን ለሁሉም ግልጽ ማድረግ ነው፤ በ2002 የአይኤስኦ 9001 የጥራት ምስክር ወረቀት አገኘ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ኦዲቱ ከድርሻው ይቀድማል። አምስት ዓመት የተስተካከለ ሒሳብ ለሌለው ማኅበረሰብ አማካሪዎች ቢሊዮን ዶላር ቢያሳዩት ቦንድ ገዢው ፊቱን ያዞራል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ቅሬታ አለ፤ ተገቢም ነው። የስምምነቱ መብት የሕዝቡ ነው፤ ትንሽ ጀልባ ያለው አጥማጅም የሚኖርበት ነው። የኩባንያ ድርሻ ለማኅበረሰቡ ካዝና ገቢ ያመጣል እንጂ ያንን አጥማጅ ከወደቡ ላይ ጥቃት አያስጥለውም። አንዱ የሌላው ምትክ ተደርጎ ሲቀርብ ስሕተት ነው።

የ3 በመቶ ወለድ ልዩነት ምን ያደርጋል?

በቧንቧ፣ በኤሌክትሪክ መስመርና በጋዝ ፕሮጀክት ድርሻ መግዛት ዋናው መንገድ እየሆነ ነው። አልበርታ ውስጥ ፎርት መካይና ሚኪሱ ክሪ የተባሉ ሁለት ማኅበረሰቦች በ2017 ከነዳጅ ኩባንያው ሰንኮር የነዳጅ ታንኮች 49 በመቶ በ503 ሚሊዮን ዶላር ገዙ። በ2022 23 የፈርስት ኔሽንና የሜቲስ ማኅበረሰቦች ከቧንቧ ኩባንያው ኤንብሪጅ ሰባት ቧንቧዎች 11.57 በመቶ በ1.12 ቢሊዮን ገዙ። ኦንታሪዮ ውስጥ 24 ማኅበረሰቦች ዋታይኒካኔያፕ የተባለውን የ1,800 ኪሎ ሜትር የመብራት መስመር 51 በመቶ ይዘዋል፤ ከዲዝል ጄኔሬተር ለመላቀቅ የገነቡት ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ የሃይስላ ሕዝብ ሲዳር ኤልኤንጂ የተባለውን የፈሳሽ ጋዝ ፕሮጀክት አብላጫ ድርሻ ይዞ በ2024 የመጨረሻው የኢንቨስትመንት ውሳኔ ተላለፈ።

አብዛኞቹ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ የሚያመጡት በብድር ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በወለድ ላይ ይወድቃል። በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሩ ለማስረዳት የተወሰደ ነው። አንድ ማኅበረሰብ የ10 ሚሊዮን ዶላር ድርሻ በ25 ዓመት ብድር ገዛ፤ ድርሻው በዓመት 900,000 ዶላር ያመጣል። ወለዱ 8 በመቶ ከሆነ የዓመቱ ክፍያ 937,000 ያህል ነው፤ በየዓመቱ 37,000 ከኪሱ ይጨምራል ማለት ነው። ወለዱ 5 በመቶ ከሆነ ክፍያው 710,000 ይሆንና 190,000 ዶላር ይተርፋል። ያው ቧንቧ ነው፤ ያው ድርሻ ነው። አንደኛው ማኅበረሰብ መዋዕለ ሕፃናት ሲከፍት ሌላው ዕዳ ይከፍላል።

የመንግሥት የብድር ዋስትና የሚሠራው ይህንኑ ነው። መንግሥት ገንዘብ አይሰጥም፤ ዋስ ይሆናል፤ አበዳሪውም ወለዱን ያወርዳል። አልበርታ በ2019 ለዚህ የሚሆን ኮርፖሬሽን አቋቋመች። የፌዴራሉ መንግሥት በ2024 የ5 ቢሊዮን ዶላር ዋስትና ፕሮግራም አውጥቶ በ2025 ወደ 10 ቢሊዮን አሳደገው። የመጀመሪያው ዋስትና 400 ሚሊዮን ሲሆን፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ከ30 በላይ ማኅበረሰቦች ከዌስትኮስት የጋዝ ቧንቧ 12.5 በመቶ እንዲገዙ ነው።

ሒሳቡ የሚበላሸው የት ነው? በምሳሌያችን ገቢው በ20 በመቶ ቢወርድ 720,000 ይሆናል፤ በ5 በመቶ ወለድም እንኳ የሚተርፈው 10,000 ብቻ ነው። ስለዚህ የገቢው ዓይነት ከድርሻው መጠን ይበልጣል። ታሪፉ በተቆጣጣሪ አካል የሚወሰን ወይም በረጅም ዘመን ውል የታሰረ ንብረት ብድር ይሸከማል፤ በዘይት ዋጋ የሚወጣና የሚወርድ ንብረት አይሸከምም። የፎርት መካይና የሚኪሱ ታንኮች ያለ መንግሥት ዋስትና ቦንድ ሊወጣባቸው የቻለው ሰንኮር ለረጅም ዘመን ሊጠቀምባቸውና ሊከፍል በውል ስለታሰረ ነው። ሌላው ቧንቧው ሲያረጅ የሚመጣው የማፍረሻና መሬቱን የማስተካከያ ወጪ ነው። በ40 ዓመት ንብረት ላይ የ25 ዓመት ብድር የሚወስድ ሰው «ያን ጊዜ ማን ይከፍላል?» ብሎ ውሉ ላይ ማስጻፍ አለበት። ኩባንያው ለማስፋፊያ ተጨማሪ ገንዘብ ቢጠይቅና ማኅበረሰቡ ባይኖረው ድርሻው ይቀንሳል ወይ? ትርፍ መቼና በማን ውሳኔ ይከፋፈላል? 12 በመቶ የያዘ ሰው ቦርድ ላይ ወንበር ቢያገኝም ድምፁ ብቻውን ምንም አያስቆምም፤ የሚያስቆመው በባለአክሲዮኖች ስምምነት ላይ ያለ ፈቃዱ አይደረግም ተብሎ የተዘረዘረ ጉዳይ ካለ ብቻ ነው።

የሽርክናው ቅርጽም በዘፈቀደ አይመረጥም። ድርሻው የሚያዘው ብዙ ጊዜ ሊሚትድ ፓርትነርሺፕ በሚባለው ሽርክና ነው። ኪሳራ ቢመጣ የማኅበረሰቡ ሌላ ንብረት አይነካም፤ ገቢው ደግሞ ሳይታክስ ወደ ማኅበረሰቡ ያልፋል፤ እንደ መንግሥት የሚያስተዳድር አካል በመሆኑ ከገቢ ግብር ነፃ ሊሆን ይችላልና። ተራ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ግብሩ ቀድሞ ይቆረጥ ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ የምርጫ ዘመን ነው። በኢንዲያን አክት የሚመረጥ ምክር ቤት የሥልጣን ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው፤ ብድሩ 25 ዓመት ነው። ድርጅቱን ምክር ቤቱ በቀጥታ የሚያዝበት ማኅበረሰብ በየሁለት ዓመቱ ሥራ አስኪያጅ ይቀይራል፤ ውል ይበላሻል፣ አበዳሪ ይሸሻል። ጥሩ የሠሩት የልማት ኮርፖሬሽን ለብቻው አቁመው ቦርዱን የውጭ ባለሙያ የቀላቀሉበት፣ የትርፉን አከፋፈል አስቀድመው በሕግ የወሰኑት ናቸው።

51 በመቶው የማን ነው?

የፌዴራሉ መንግሥት ከ1996 ጀምሮ ለነባር ሕዝቦች ድርጅቶች የተለየ የግዥ ስልት አለው። በ2021 ደግሞ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ከውሎቹ ዋጋ ቢያንስ 5 በመቶውን ለእነሱ እንዲሰጥ ታወጀ። ለመወዳደር ድርጅቱ ቢያንስ 51 በመቶ በነባር ሕዝቦች የተያዘና የሚመራ መሆን አለበት፤ ለእነሱ ብቻ በተከለለ ጨረታም ከሥራው ዋጋ ቢያንስ 33 በመቶው በነባር ሕዝቦች ድርጅት መሠራት አለበት።

ቁጥሩ ግልጽ ነው፤ ማታለሉም እንደዚያው የታወቀ ነው። አንድ ትልቅ ኮንትራክተር አንድን ሰው 51 በመቶ ባለቤት አድርጎ ወረቀት ላይ ያስቀምጣል፤ ማሽኑ፣ ሠራተኛውና የባንክ ፊርማው ግን የራሱ ነው። የፓርላማ ኮሚቴ በ2024 ይህንኑ ሲመረምር ከርሟል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አንድ የፌዴራል ሚኒስትር፣ በጋራ ያቋቋመው ኩባንያ የነባር ሕዝብ ድርጅት ነኝ ማለቱ አነጋጋሪ ከሆነ በኋላ ከካቢኔ ወጥቷል። የሚጎዳው በሐቅ የሚሠራው ድርጅት ነው። ጨረታውን ይነጠቃል፤ በላዩም ላይ የተጠርጣሪነት ስም ይሸከማል።

በካልጋሪ፣ በኤድመንተንና በቶሮንቶ በትራንስፖርት፣ በጽዳትና በግንባታ የተሰማሩ ወገኖቻችን ለእነዚህ ጨረታዎች ጆይንት ቬንቸር ሲያስቡ ቢያውቁት የሚጠቅማቸው ነገር ነው። እውነተኛ ሽርክና ይቻላል፤ ሕጉም ይፈቅዳል። መርማሪ የሚያየው የአክሲዮን ወረቀቱን ብቻ አይደለም። ባንክ ላይ ማን ይፈርማል? የጨረታ ሰነዱን ያዘጋጀው ማን ነው? ማሽኑ በማን ስም ነው፤ ኪራዩስ ስንት ነው? 49 በመቶ የያዘው ሰው በ1 ዶላር የቀረውን የመግዛት አማራጭ ውል ኪሱ ውስጥ አለ ወይ? «የአስተዳደር ክፍያ» እየተባለ ትርፉ ሳይከፋፈል ያልቃል ወይ? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከተገኘ 51ዱ ስም ብቻ ነው።

ባለቤትነትና ፈቃድ ሁለት ነገር ናቸው

ዕርቅ በድርሻ ብቻ አይለካም። በብሪቲሽ ኮሎምቢያው የኮስታል ጋዝሊንክ ቧንቧ ላይ በመንገዱ ያሉት 20 የተመረጡ ምክር ቤቶች ስምምነት ፈርመው ነበር፤ የዌትሱዌተን ሕዝብ የዘር ሐረግ አለቆች ግን መሬቱ በባህላቸው ሕግ በእነሱ እጅ ነውና አንፈቅድም አሉ። በ2020 መጀመሪያ ደጋፊዎቻቸው በመላ አገሪቱ የባቡር ሐዲድ ዘጉ። የተመረጠው ምክር ቤት የኢንዲያን አክት ፍጥረት ነው፤ ሥልጣኑ በመሠረቱ ሪዘርቩ ውስጥ ነው፤ ቧንቧው የሚያልፈው ደግሞ ከሪዘርቩ ውጭ ባለው ሰፊ ምድር ነው። የምክር ቤት ፊርማ ይዞ «ማኅበረሰቡ ተስማምቷል» የሚል ኩባንያ ጥያቄውን ለተሳሳተ ሰው አቅርቧል። የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች መብት መግለጫ በካናዳ የፌዴራል ሕግ ከገባ ከሰኔ 2021 ወዲህ ይህ ጥያቄ በፍርድ ቤት እየከበደ ነው የሚሄደው። ድርሻ የፈቃድ ማባበያ ሆኖ ሲቀርብ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ይመጣል። ማኅበረሰቡ ተበድሮ ከገዛ በኋላ የቧንቧውን አደጋ የሚናገር አባል ሁሉ የገዛ ሕዝቡን ገቢ የሚያጠፋ ይመስላል።

መካኒኳስ? የፌዴራሉ የ10 ቢሊዮን ዋስትና የሚጀምረው ከ20 ሚሊዮን ዶላር ብድር ነው፤ እሷን አያውቃትም። የፋይናንስ ባለሥልጣኑም ለግለሰብ አያበድርም። ለእሷ የቀሩት ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተቋቋሙት ከ50 በላይ የነባር ሕዝቦች አበዳሪ ተቋማት ናቸው። ሪዘርቭ ላይ ያለ ንብረት ላይ የማበደር ልምድ አላቸው፤ ሰውየውን፣ ቤተሰቡንና ገበያውን ያውቃሉ። ከብድሩ ጋር ለግለሰብ ድርጅት እስከ 99,999 ዶላር፣ ለማኅበረሰብ ድርጅት እስከ 250,000 ዶላር የማይመለስ ድጋፍ ያስገኛሉ። ለእሷ የሚወጣው ሒሳብ ምናልባት እንዲህ ነው፦ 15,000 ከራሷ፣ 45,000 ድጋፍ፣ 90,000 ብድር። ማመልከቻዋ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በሦስት ነገር ነው፦ የራሷ መዋጮ በባንክ መግለጫ ሳይታይ ሲቀር፣ የመሬት ይዞታ ወረቀቷ በአያቷ ስም እንዳለ ሲቀር፣ የገቢ ግምቷ የክረምቱን መቀዛቀዝ ሳይቆጥር ሲቀር። በተለይ ሁለተኛው ወራት ይወስዳል፤ ውርሱ የሚጸድቀው በአካባቢ ማዘጋጃ ቤት ሳይሆን በፌዴራል ሚኒስቴር በኩል ነውና።

የእነዚህ ተቋማት ችግር የሚያበድሩት ገንዘብ ማነሱ ነው። በ2021 የተከፈተው የ150 ሚሊዮን ዶላር የዕድገት ፈንድ ይህን ለማስታገስ የተቋቋመ ነው፤ ከኤንብሪጅ ቧንቧዎች ድርሻ ጋር ሲተያይ ግን ሲሶ እንኳ አይሞላም። የዋስትናው ወሰን ከ20 ሚሊዮን ወርዶ በእነዚህ ተቋማት በኩል እስከ ጋራዥ ቢደርስ፣ ለመንግሥት የሚጨምረው ሥጋት ትንሽ ነው፤ በየሪዘርቩ የሚከፈቱት በሮች ግን ብዙ ናቸው። እስከዚያው መካኒኳ ማንሻውን የምትገዛው ከአከፋፋዩ በዱቤ ነው፤ ባለቤትነቱም እስከ መጨረሻው ክፍያ በሻጩ ስም ይቆያል።